የግራዋ ወንበር

የእህቴ ልጅ ሰላማዊት መኪናችንን በስልኳ ለሽያጭ ስታወጣት፣ ከፎቶው ሥር «እንከኗ መሪዋ በቀኝ መሆኑ ብቻ ነው» ብላ ጻፈችና አነበበችልኝ። «አጥፊው» አልኳት። «እትዬ ደግሞ! ገዢ መጥቶ ከሚደነግጥ አስቀድሞ ቢያውቀው አይሻልም?» «ይወቀው። እንከን ነው አትበይ ነው የምልሽ።» «ታዲያ ምን ልበለው?» አለችኝ። ስንት ዘመን የኖርኩትን ነገር ስልክ ላይ በምትለጠፍ አንዲት መስመር እንዴት ብዬ ላስረዳት? ተከራክረን ተከራክረን «እንከኗ» የሚለው ወጣና «መሪዋ በቀኝ ነው» የሚለው ብቻ ቀረ። ከላይ በትልቁ «የእንግሊዝ ክላሲክ ስፖርት መኪና» ብላበታለች። ክላሲክ ማለት አሮጌ ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «አሮጌ ሆኖ ሰው የሚፈልገው ማለት ነው» አለችኝ። እንግዲያው ለእኔም እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አውጪልኝ አልኳትና ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ቶሎ ጨረሰች፤ እኔ ትንሽ ቆየሁ።

መኪናዋን ለመሸጥ የበቃሁት ወድጄ አይደለም። ባለቤቴ ልዑልሰገድ ካረፈ ወዲህ ኮተቤ ባለው ቤታችን ብቻዬን ነበርኩ። ልጅ የለንም። ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጦኝ ወደቅሁ። አጥንቴ አልተሰበረም፤ ግን መነሳት አቅቶኝ ረፋዱን ሁሉ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሜ የጎረቤት ሬዲዮ ስሰማ ቆየሁ። ደጋግሜ ተጣራሁ፤ ሬዲዮው ከእኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር። ሰላማዊት ይህን ስትሰማ አለቀሰችና «ከእንግዲህ እዚህ ቤት ብቻዎን አይኖሩም» አለች። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አላት፤ አንዱን ለእኔ አዘጋጀችው። ለኮተቤው ቤት ተከራይ ተገኘለት፣ ዕቃውም ለዘመድ ለጎረቤት ተከፋፈለ። መኪናዋን ግን ሦስተኛ ፎቅ ማውጣት አይቻልም። ሜዳ ላይ ትቁም ቢባል ሸራ ጣሪያዋን አንድ ክረምት ይጨርሰዋል። ለሚይዛት ሰው መሄድ ነበረባት። እኔ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚገዛት ሰው መሪዋን ካለበት እንዳያነሳው። ሰላማዊት ይህንን የአሮጊት ግትርነት አድርጋ ወሰደችው። አልፈርድባትም።

መኪናዋ የመጣችው ፀጉራችንን አጎፍረን በምንሄድበት፣ ወንዶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው አስፋልቱን በሚጠርጉበት ዘመን ነው። ልዑልሰገድ መንገድ ቀያሽ ነበር። አብሮት የሚሠራ አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ዕቃውን ሁሉ ሸጠ። ሌሎቹ ፍሪጅና ምንጣፍ ሲሻሙ የእኔ ሰውዬ መኪናዋን ይዞ መጣ፤ ለሶፋ ያጠራቀምነውን ነው የሰጠው። በር ላይ ሆኜ ሳያት በሳቅ ልሞት። የጠርሙስ አረንጓዴ ናት፣ ከመሬት ብዙም አትርቅም፣ ጎማዋ እንደ ብስክሌት ባለ ሽቦ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሯም ሁለት ብቻ። «ግማሹን የት ጣልከው?» አልኩት። መሪዋ ደግሞ በቀኝ። እንግሊዞች በመንገዱ ግራ ስለሚነዱ በቀኝ መሆኑ ለእነሱ ይስማማቸዋል፤ እኛ ግን በቀኝ ነው የምንነዳው። የሰፈሩ ልጆች ወዲያው ስም አወጡላት፤ «ጫማዋ» አሏት። እውነትም ጫማ ትመስል ነበር። ጠዋት ሞተሯ ሲነሳ «ጫማዋ ተነሳች!» እያሉ እስከ አስፋልቱ ይከተሉን ነበር። አፍንጫዋ ላይ የነበረችው የፋብሪካዋ ምልክት ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የገና ሰሞን ተሰረቀች። ከዚያ ወዲህ ስሟ ጫማዋ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ኮተቤ ያን ጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ ነበር፤ መገናኛም ድልድይና ባቡር ሳይመጣበት ነፋስ የሚጫወትበት ሰፊ ቦታ ነበር። እኔ እዚያው ኮተቤ አማርኛ አስተምር ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሸራውን ወደ ኋላ አጥፈን ፒያሳ እንወርዳለን። ልዑልሰገድ ከአራት ኪሎ የገዛልኝ ቢጫ ሻሽ ነበረኝ፤ አገጬ ሥር ጠበቅ አድርጌ ካላሰርኩት ነፋሱ ይቀማኛል። ቤንዚን በሳንቲም ነበር፤ ከአንድ ኬክ ዋጋ ብዙም አይርቅም። «ዛሬ እኛ እንብላ ወይስ ጫማዋ ትጠጣ?» ብሎ ይቀልድብኝ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያዋ በእኔ በኩል ስለሚያፈስ ጃንጥላ ከፍቼ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ፤ አራት ኪሎ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ይስቅብናል፣ እኛም እጃችንን እያውለበለብን እናልፋለን። ሬዲዮ የላትም፤ ልዑልሰገድ ነው የሚያንጎራጉረው። ከየዘፈኑ የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የቀረውን በፉጨት ይሞላዋል። ዛሬ እነዚያን ዘፈኖች ታክሲ ውስጥ ስሰማ ሁለተኛው ስንኝ ሁልጊዜ እንግዳ ይሆንብኛል።

ወደ መሪው ልመለስ። በቀኝ መሪ የሚነዳ ሰው ከጭነት መኪና ኋላ ሲገባ ከወዲያ ማዶ የሚመጣውን ለማየት ይቸገራል። የሚያየው በግራ በኩል የተቀመጠው ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። መንዳት ተምሬ አላውቅም፤ የቀኙ ወንበር ላይ ለጨዋታ እንኳ ተቀምጬ አላውቅም። የእኔ ሥራ አንገቴን ወጣ አድርጌ ማየትና መናገር ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ታዲያ በአንዲት ቃል ልናልቅ ነበር። እንጦጦ ልንወጣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት ይዘናል። ከፊታችን ድንጋይ የጫነ መኪና እያቃሰተ ይጎተታል፤ ጭሱ ፊታችን ላይ ነው። «ልለፍ?» አለኝ። አየሁ፤ ከላይ ድርቆሽ የቆለለ መኪና እየወረደ ነው። «የለም!» ብዬ ጮህኩ። እንግዲህ አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ፍርዱን ይስጥ። እኔ ያልኩት «የለም፣ እንዳታልፍ» ነው፤ እናቴ እምቢ ስትል «የለም» ነበር የምትለው። እሱ የሰማው «የሚመጣ የለም» የሚለውን ነው። ነዳጁን ረገጠና ወጣ። ድርቆሹ ሰማዩን ሸፍኖ ሲመጣብን አየሁ። ልዑልሰገድ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘና ከመንገዱ አስወጣን፤ ጫማዋ አፍንጫዋን ቦይ ውስጥ ቀብራ ቆመች። የድርቆሹ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ በጎናችን አለፈ። ፀጉሬም ቢጫው ሻሼም በድርቆሽ ተሞላ።

«የለም አላልሽም?» አለኝ።

«ብያለሁ! የለም ነው ያልኩህ!»

«ታዲያ ያ የመጣው ምንድን ነው?»

«እሱን አይቼ አይደል እንዴ የለም ያልኩህ!»

ጩኸታችንን ሰምቶ ከገብስ ማሳው የመጣ ኦቦ ቱፋ የሚባል ገበሬ ከቦዩ በላይ ቆሞ ያዳምጠን ነበር። ቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፤ አማርኛውም ከብዙዎቹ ተማሪዎቼ ይሻል ነበር። «ተርፋችሁ ነው የምትጣሉት?» አለን። ጎረቤቶቹን ጠርቶ ጫማዋን እንደ አልጋ አንስተው አስፋልቱ ላይ አስቀመጧት። ዞሮ ዞሮ አያትና «ጌታው፣ ከብት አትጭን፣ እህል አትጭን። ልጅስ የት ነው የሚቀመጠው?» አለ። ልዑልሰገድ «ልጁ ሲመጣ ሌላ እንገዛለን» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ገና ሙሽሮች ነበርን፤ ነገሩ የሚያስቅ ነበር። ልጁ አልመጣም። ጠበል ሄድን፣ ሐኪም ቤት ሄድን፣ ተስለን ጠበቅን፤ ሌላ መኪና መግዛት አላስፈለገንም። ኦቦ ቱፋ ከዚያ በኋላ በማሳው አጠገብ ባለፍን ቁጥር እጁን አንስቶ «ዛሬስ ታረቃችሁ?» ይለን ነበር። ልጅ ግን ሁለተኛ አላነሳብንም፤ ገብቶት ይመስለኛል። ማሳው የነበረበት ቦታ ዛሬ የድንጋይ መራመጃ ተነጥፎበት ሰው ስፖርት ይሠራበታል።

የዚያን ዕለት እዚያው እንጦጦ ላይ፣ ድርቆሹን ከፀጉሬ እየለቀመልኝ ሕግ አወጣን። «ከዛሬ ጀምሮ ልለፍ ብዬ አልጠይቅሽም» አለኝ። «አለ? ነው የምልሽ። የሚመጣ ካለ አለ በይኝ፤ ከሌለ የለም በይኝ። እምቢታሽን ለቤት አቆይው።» አማርኛ አስተማሪ ሆኜ በአማርኛ መታረሜ ቢያናድደኝም ተስማማሁ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሰንዳፋ ሆነ ወደ ደብረ ብርሃን፣ መንገዱ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት ነበር የሚያልቀው። «አለ?» ይለኛል፤ «አለ» እለዋለሁ፤ ይታገሳል። እንደገና «አለ?» ይለኛል። «የለም!» ስለው ጫማዋ ታጓራና እናልፋለን። አንድም ቀን አመንትቶ አያውቅም። እኔም አንድም ቀን ዓይኔን ከመንገዱ ነቅዬ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ሰንዳፋ ሠርግ ተጠርተን አማቴን ማድረስ ነበረብን። ወንበሩ ሁለት ነውና እኔ በአውቶቡስ ተከተልኳቸው፤ አማቴ በእኔ ቦታ ተቀመጡ። ልዑልሰገድ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ገብቶ «እማዬ፣ አለ?» ይላቸዋል። «እግዜር አለ ልጄ፣ ምን ትጠይቀኛለህ!» ይሉታል። ትንሽ ቆይቶ «እማዬ፣ አሁንስ አለ?» «ሁልጊዜ አለ!» ሠርጉ ቤት ከአውቶቡሱ ወርጄ ምሳ ስጀምር ገና እየደረሱ ነው፤ ልዑልሰገድ ፊቱ ጥላሸት ለብሷል። «ሁለተኛ ያለ አንቺ አልሄድም» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጅ አለመምጣቱን በእኔ የሚያላክኩ ሴት ነበሩ፤ «ሁለት ወንበር የገዛችሁ ቀን ሁለት ሆናችሁ ቀራችሁ» ይሉኝ ነበር። ይህ ነገራቸው እስከ ዛሬ ይወጋኛል። ግን ያን ቀን ልዑልሰገድ በሰው ፊት ያላትን ሳስታውስ ትንሽ ይለቀኛል።

ቃሉ ቤትም ገባ። እንግዳ መጥቶ አልሄድ ሲል ልዑልሰገድ ከጓዳ አንገቱን ብቅ አድርጎ ቀስ ብሎ «አለ?» ይለኛል። ስንጣላ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ «አለ?» ይላል፤ ቁጣሽ አለ ወይ ማለቱ ነው። «አለ» ካልኩት ሳሎን ይቆያል፤ «የለም» ካልኩት ይገባል።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ቤንዚን በኩፖን ሆነ፤ ሸራ አጥፎ፣ ሻሽ አስሮ ፒያሳ መውረድ የሚያስጠቁም ነገር ሆነ። አንድ ቀን አንድ የቀበሌ ሰው በራችን ላይ ቆሞ «ይህች መኪና ሰፊውን ሕዝብ የምታገለግለው እንዴት ነው?» ሲል ልዑልሰገድ ኮስተር ብሎ «በየተራ» አለው። ሰውየው እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ ሄደ። እኔ ግን በሩን ቶሎ ቀረቀርኩት። ጫማዋን ጨርቅ አልብሰናት ጋራዥ ውስጥ ረጅም ዓመት ተቀመጠች። ሞተሯ እንዳይደርቅ ብቻ አልፎ አልፎ ጋራዡ ውስጥ ያስነሳታል። እኔም ሥራዬን ጥዬ እገባና በግራ እቀመጣለሁ። ከፊታችን የጋራዡ ግድግዳ ነው። «አለ?» ይለኛል። «የለም» እለዋለሁ። ያም አለፈ፤ አውጥተናት እንደገና ሄድን፤ መንገዱ ግን በመኪና ሞልቶ ጠበቀን።

ልዑልሰገድ የተዳከመው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ መንዳት ተወ፤ ቀጥሎ ከቤት መውጣት፣ ቀጥሎ ከአልጋ መውረድ። መጨረሻው ላይ ሐሳቡ ይሄድና ይመለስ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጁን ይዤው ሳለ ዓይኑን ሳይገልጥ «አለ?» አለኝ። ሊጠይቀው የመጣው ጎረቤት የተራበ መስሎት «አለ፣ አለ፣ ሾርባ አለ» አለ። እኔ ግን ምን ማለቱ እንደሆነ አውቄያለሁ። «አለ» አልኩት። «አለ፣ ቆይ።» ራሱን ነቀነቀና ቆየ። በማግስቱም ጠየቀኝ፤ አለ አልኩት። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ልገዛ መገናኛ ደርሼ ስመለስ በራችን ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ሳይጠይቀኝ አልፏል። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ «ጋሽ ልዑልሰገድ እኮ የለም» እያለ ያለቅስ ነበር፤ ያቺን ቃል በሰማሁ ቁጥር መንገዱ የተከፈተ እየመሰለኝ ቀና እል ነበር።

ማስታወቂያው እንደወጣ ሰው መምጣት ጀመረ። የመጀመሪያው እንጦጦ ላይ መዝናኛ ያለው ሰው ነው። ሞተሯን አውጥቶ አበባ ሊተክልባት አስቧል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱባታል። «እማማ፣ ስንት ሰው ያያታል መሰልዎት!» አለኝ። እኔ ሰው እንዲያያት አይደለም፣ ውስጧ ተቀምጦ እንዲያይባት ነው የምፈልገው አልኩት፤ ሰላማዊትን ዘወር ብሎ አያት። ሁለተኛው ቀልጣፋ ጎልማሳ ነው። የተጠየቀውን ሙሉውን እሰጣለሁ ሲል ሰላማዊት ፊቷ በራ። ኮፈኑን ከፍቶ እያየ «መሪውን ወደ ግራ አስዞረዋለሁ። የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፤ ቀላል ነው» አለ። «በግራ ያለው ወንበርስ?» አልኩት። «እሱማ የሹፌሩ ይሆናላ!» «እንግዲያው አልሸጥም።» ከሄደ በኋላ ሰላማዊት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸችብኝ። «እትዬ፣ መሪ እኮ ነው! ታቦት አይደለም! በዚህች ብረት የተነሳ አንድ ቀን ብቻዎን ወድቀው ሊቀሩ ነው!» ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች። አልተቀየምኳትም፤ እውነቷን ነው። ጫማዋ ለደህና ሰው ሳትሄድ እኔ ከዚያ ቤት አልወጣም ነበር። ያቺ ወንበር የሹፌር ከሆነች ግን እኔ የት እንደነበርኩ የሚናገር ነገር በዚህ ዓለም አይኖርም።

ሦስተኛው ሄኖክ ይባላል፣ ሲ.ኤም.ሲ ነው የሚኖረው፤ ሚስቱን ማህሌትን አስከትሎ መጣ። ገና ሳይቀመጥ «መሪዋን ታዞረዋለህ?» አልኩት። «ኧረ በፍጹም እትዬ! ኦሪጅናልነቷ ይጠፋል፤ ቫልዩዋ ይወርዳል» አለኝ። ምክንያቱ የእኔ ባይሆንም መልሱ ተስማማኝ። ማህሌት ግን ክንዷን አጣጥፋ በር ላይ ቆማለች። «ሁለት ወንበር፣ አሮጌ ሞተር፣ ኤርባግ የላት! ምን ትሠራልሃለች?» ትለዋለች። በልቤ ወደድኳት፤ እኔም እዚያው በር ላይ ቆሜ እንዲሁ ብዬ ነበር።

ሊሞክራት ሲነሳ እኔ በግራ ልግባ አልኩ። ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ ሁለቱ ደግፈው አስገቡኝ። ልዑልሰገድ ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። የቆዳው ሽታ፣ የቤንዚኑ ሽታ፣ የበሩ መያዣ ላይ በጣቴ ብዛት የተበላችው ቦታ ሁሉ እንዳለ ነበር። የኮተቤን መንገድ ይዘን ጥቂት እንደሄድን አሸዋ የጫነ ገልባጭ ከፊታችን ገባ። ሄኖክ አንገቱን ወዲህ ወዲያ አለ። አልጠየቀኝም፤ በምን ያውቃል። እኔ አየሁ፤ መንገዱ ባዶ ነው። «የለም!» አልኩት። ፍሬኑን በኃይል ረገጠው፤ ግንባሬ መስታወቱን ሊመታ ምንም አልቀረውም። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩንባ ነፋብን።

«ምነው እትዬ? ምን አዩ?»

«ምንም! ምንም የለም ነው ያልኩህ!»

«የለም ሲሉኝ እንዳታልፍ ያሉኝ መስሎኝ ነዋ!»

ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ያችው ቃል እንደገና ያዘችን። ዳር ሲያቆም ሁሉንም ነገርኩት፤ ድርቆሹንም፣ ቦዩንም፣ ሕጉንም። ሄኖክ መሪውን እንደያዘ ሰማኝ። ቤት ስንመለስ ከመኪናዋ ወረድኩና ማህሌትን «ግቢ» አልኳት።

«እኔ? እኔ ምን አገባኝ?»

«ግቢ ልጄ። አለ? ሲልሽ አይተሽ መልሺለት። ሌላ ሥራ የለሽም።»

እያጉረመረመች ገባች። ሲመለሱ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ዓይኗ ቦግ ብሎ ነበር። «እትዬ» አለችኝ ገና ሳትወርድ፣ «ይቺ መኪና እኮ የምትነዳው ከዚህኛው ወንበር ነው!» «አዎ» አልኳት። «ለእሱ እንዳትነግሪው።» በዚያው ሰሞን ተስማማን።

የወሰዷት ዕለት የግቢውን በር ሁለቱንም መዝጊያ ከፍቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። በራችንን የጎረቤት አጥር ስለሚጋርደው ከውስጥ የሚወጣ መኪና መንገዱን አያይም፤ ልዑልሰገድ ሲያወጣትም እንዲህ ወጥቼ ነበር የማይለት። ጫማዋ ሸራዋ ወደ ኋላ ታጥፎ አፍንጫዋን አወጣችና ቆመች። «አለ?» አለ ሄኖክ። መንገዱን አየሁ፤ አፌን ከፈትኩ። «የለም!» አለች ማህሌት ከግራዋ ወንበር፣ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ አጥሩን አሻግራ እያየች። እሱ የጠየቀው እሷን ነበር። ጫማዋ አጓርታ ወጣች። ከዓይኔ እስክትሰወር ቆሜ አየኋትና በሩን ዘጋሁ። ጋራዡ ወለል ላይ ጠብታ ዘይት ቀርቷል፤ ላጥበው ብዬ ውኃ ከቀዳሁ በኋላ ተውኩት።

አሁን የካ አባዶ ነኝ። ሰላማዊት ማልዳ ትወጣለች፤ መንገዱ ረጅም ነውና መሽቶባት ነው የምትገባው። እኔ ቀኑን መስኮት ላይ ሆኜ ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፍ አያለሁ። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ዕቃዬን ይቀበሉኛል። ጫማዋን የሚያውቅ ግን አንድም ሰው የለም፤ ልዑልሰገድንም የሚያውቅ የለም። አንዳንድ ቀን ከቤት ወጥቼ እስክመለስ የምናገረው ነገር ቢኖር ታክሲ ላይ የምለው «ወራጅ አለ» ብቻ ነው። ብቸኝነት ይሏል ይህ ነው።

ዛሬ የልዑልሰገድ ሙት ዓመቱ ነው። የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ጠዋት ታክሲ ተራ ስደርስ የቀረው የጋቢናው ወንበር ብቻ ነበር። ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምቀመጠው፤ ለጉልበቴ ይሻለኛል። ረዳቱ «እማማ፣ ጋቢና ይግቡ» ብሎ ደግፎ አወጣኝ። ኮተቤን ይዘን ስንወርድ ከፊታችን ገልባጭ ገባ። ነገሩ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ሾፌሩ በግራዬ ነው፤ እኔ በቀኝ ተቀምጫለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የልዑልሰገድ ቦታ ላይ ነበርኩ። አንገቴን አሰገግሁ፤ ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ። የገልባጩ ጀርባና የደረቀ ጭቃው ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ምንም አይታይም። ይህን ያህል አይመስለኝም ነበር። ለእኔ በግራ ተቀምጬ መንገዱ ወለል ብሎ ስለሚታየኝ፣ እሱም ጥቂት ጥቂት የሚያይ፣ እኔን የሚጠይቀኝም ለማረጋገጥ ያህል ይመስለኝ ነበር። ልዑልሰገድ ምንም አያይም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን፣ ያን ሁሉ ዳገት፣ በቃሌ ብቻ ነው የወጣው። አልጋው ላይ ሆኖ «አለ፣ ቆይ» ስለውም በቃሌ ብቻ ነው የቆየልኝ።

«አለ?» አልኩ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ። «ምኑ እማማ?»

«የሚመጣ መኪና።»

በመስኮቱ ወጣ ብሎ አየና «የለም፣ አይዞዎት» አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አለፍን።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ።